ከቀን ቆረጣ እስከ ኤርፖርት፦ ወደ ውጭ የምትሄድ ዘመድን በቤት ድግስ መሸኛ መመሪያ

በቤት የሚደረግ ሽኝት በገንዘብ ማነስ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው። የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የቀን አመራረጥ፣ የሽንኩርት ቁሌት እና «ይቺን ብቻ ያዢልኝ»። ድግሱ ለበረራው ዋዜማ ይቆረጣል፣ ወጡ በችኮላ ተሠርቶ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ተጓዧም ሻንጣዋን ሳትዘጋ፣ ከእናቷ ጋር ቁጭ ብላ ሳታወራ ሳሕን ስታመላልስ ይነጋል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አዲስ አበባ ውስጥ በግቢ ወይም በኮንዶሚኒየም 40 ሰው ለሚጠሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። መጠኑ ግን ለ50 ሰው ተሰልቷል፤ 40 የተጠራበት ሽኝት 40 ሆኖ አያውቅም።

ደረጃ 1፦ ቀኑን መቁረጥ (ከሁለት ሳምንት በፊት)

1. ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ፣ ቲኬቱም ሳይቆረጥ ማንንም አትጥሩ። «ሊሰጣት ነው» በሚል የተደገሰ ሽኝት ጉዞው ሲዘገይ ልጅቷን ከቤት እንዳትወጣ ያደርጋታል። ያገኛት ሁሉ «እስካሁን አልሄድሽም?» ይላታል።

2. የበረራውን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ለውጣችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከቦሌ የሚነሱ ብዙ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የዓረብ አገር በረራዎች የሌሊት ናቸው፤ በቲኬት ላይ ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቲኬቱ «ሐሙስ 00:40» ካለ በእኛ አነጋገር ረቡዕ ሌሊት 6 ሰዓት ከ40 ማለት ነው። ኤርፖርት መድረስ ያለባት ረቡዕ ማታ 3 ሰዓት ከ40 ነው። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ጭነው የሚሄዱ ሰዎች አውሮፕላኑ ካለፋቸው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

3. ድግሱን ከበረራው ከ4 እስከ 6 ቀን ቀደም አድርጉ። እሑድ ይመረጣል። ከ4 ቀን ካነሰ ለሻንጣ፣ ለእንቅልፍና ለቤተሰብ የሚተርፍ ጊዜ የለም። ከሳምንት ከበለጠ ደግሞ ያልመጣው ዘመድ በየቀኑ እየመጣ ሁለተኛ ድግስ ይሆንባችኋል።

4. ጾሙን አረጋግጡ። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ። ቀኑ በጾም ከዋለ ማዕዱን ሙሉ በሙሉ የጾም አድርጉት። ግማሹን ፍስክ፣ ግማሹን ጾም ማድረግ ጭልፋና ድስት ያደባልቃል፤ ጿሚውም ሳይበላ ይሄዳል። በረመዳን ከሆነ ማዕዱን ከማፍጠሪያው ሰዓት ጋር አገናኙት።

ደረጃ 2፦ መጥራት

ለሽማግሌዎችና ለአክስት ለአጎት ቤታቸው ሄዳችሁ ወይም ደውላችሁ ንገሩ። ለጓደኞቿ መልእክት ይበቃል። ስትጠሩ ሁለት ነገር አብራችሁ ተናገሩ።

አንደኛው ሰዓት ነው። «ከሰዓት በኋላ ኑ» አትበሉ። «በ7 ሰዓት ዳቦ ይቆረሳል» በሉ። ዳቦ ይቆረሳል የተባለ ሰው በሰዓቱ ይመጣል።

ሁለተኛው የአደራ ዕቃ ነው፦ «ሻንጣዋ ሞልቷል፤ የግድ የሚላክ ካለ እስከ ቅዳሜ ለወንድሟ ስጡ፤ በድግሱ ዕለት አንቀበልም።» ይህን አስቀድማችሁ ካልተናገራችሁ በእሑዱ ድግስ መካከል አሥር ፌስታል ይመጣል። ሰው ፊት «አልይዝም» ማለት ደግሞ ለእሷ ከባድ ነው። መልሱን የሚሰጥ ሌላ ሰው ይኑር፤ ወንድም ወይም አጎት ቢሆን ይሻላል።

ሙስሊም እንግዶች ካሉ ሥጋው በእነሱ ወገን መታረድ አለበት። ትክክለኛው አሠራር የዶሮውን ወይም የሥጋውን ገንዘብ ለሙስሊም ጎረቤት ሰጥቶ በራሷ ቢላዋ፣ በራሷ ድስት እንድትሠራው መለመን ነው። ማዕዱ ለብቻው ይቀመጥ፤ የራሱ ጭልፋና የራሱ ሳሕኖች ይኑሩት። እንግዶች የክርስቲያን ወገን በሚሆኑበት የሙስሊም ቤት ሽኝትም ደንቡ ያው ነው።

ደረጃ 3፦ ዕቃና ቦታ (ከአንድ ሳምንት በፊት)

እድር ካላችሁ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ ሳሕንና ድንኳን ከእድሩ ዕቃ ቤት ጠይቁ። ስትረከቡ በቁጥር፣ የተሸረፈውንም ለይታችሁ ጻፉ። በኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ሕንፃውን ቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ ያ ቅዳሜና እሑድ በሠርግ ወይም በተዝካር ተይዞ ሊሆን ይችላል። ፎቅ ላይ ከሰል አታያይዙ። ከሰል በዝግ ክፍል ወይም በተዘጋ በረንዳ ሰው ይገድላል።

መብራት ይጠፋል ብላችሁ ተነሡ። ምጣድና ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ መስመር ላይ ከሰካችሁ መብራት ባይጠፋም ቆጣሪው ይዘጋል። አንድ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰልና ሁለት ከሰል ምድጃ ተጠባባቂ ይሁኑ።

ደረጃ 4፦ ግዢ

ዓይነት አታብዙ። አንድ ዋና ወጥ፣ ሦስት አጃቢ፣ ሰላጣና አይብ ይበቃል። ዘጠኝ ዓይነት የሚሠራ ቤት ዘጠኙንም ግማሽ በግማሽ ያበስላል።

ለ50 ሰው፦

- ዶሮ 8፣ እንቁላል 56 (ሲቀቀል የሚፈነዳ አይጠፋም)
- ቀይ ሽንኩርት 14 ኪሎ፤ 12ቱ ለዶሮው
- በርበሬ 1.6 ኪሎ፣ ንጥር ቅቤ 1.6 ኪሎ፣ ነጭ ሽንኩርት 1 ኪሎ፣ ዝንጅብል ሩብ ኪሎ፣ ኮረሪማና መከለሻ
- ሎሚ 2 ኪሎ፣ ዘይት 5 ሊትር
- ምስር ክክ 2 ኪሎ፣ አተር ክክ 1.5 ኪሎ፣ ጎመን 6 ኪሎ፣ ቲማቲም 4 ኪሎ፣ አይብ 2 ኪሎ
- የስንዴ ዱቄት 4 ኪሎ፣ እርሾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮባ
- እንጀራ 130
- ለስላሳ 5 ሳጥን (በሳጥን 24 ጠርሙስ)፣ ውኃ
- ጥሬ ቡና ሦስት ሩብ ኪሎ፣ ስኳር 2 ኪሎ፣ የፈንዲሻ በቆሎ 1 ኪሎ፣ ቆሎ 2 ኪሎ፣ ቄጠማ፣ ዕጣን

ቀኑ ጾም ከሆነ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቅቤና አይብ ይወጡና 2 ኪሎ ሽሮ፣ 3 ኪሎ ፎሶሊያ ከካሮት ጋር፣ 4 ኪሎ ጥቅል ጎመን ከድንች ጋር ይገባሉ።

ጠላ ለመጥመቅ ያሰባችሁ ከሁለት ሳምንት በፊት ካልጀመራችሁ ተዉት። ያልደረሰ ጠላ ሆድ ይነፋል፤ ከታወቀ ጠማቂ መግዛት ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ዶሮ ወጡ (ቅዳሜ)

ወጡ የሚሠራው በዋዜማው ነው። እሑድ ጠዋት የተጀመረ ዶሮ ወጥ ለ7 ሰዓት አይደርስም። ቢደርስም ቁሌቱ አልበሰለም።

*ከመጀመራችሁ በፊት።* የሐበሻ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ አንድ ድስት ውስጥ አትጨምሩ። የፈረንጁ በ30 ደቂቃ ይበስላል፤ የሐበሻው፣ በተለይ የቆየ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሲደባለቁ አንዱ ፈርሶ አጥንቱ ይቀራል፣ ሌላው ጥርስ አይበሳውም። ስምንቱንም በአንድ ድስት አትሥሩ፤ በሁለት ድስት አራት አራት አድርጓቸው። 12 ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ድስት ሲገባ ከታች ያርራል፣ ከላይ ይቀቀላል።

1. እያንዳንዱን ዶሮ በ12 ብልት አውጡ። ቆዳውን ግፈፉ፣ ስቡን አንሡ፣ በጨውና በሎሚ እያሻችሁ ውኃው እስኪጠራ እጠቡ። በመጨረሻ ሎሚና ጨው ባለው ውኃ ለ30 ደቂቃ ዘፍዝፉት። ሎሚ ውስጥ ሲያድር ሥጋው ይጠነክራል።

2. ሽንኩርቱን በዚያው ቀን፣ በእጅ፣ አድቅቃችሁ ክተፉ። ሦስት ሰው 12 ኪሎ ለመክተፍ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በመፍጫ የተፈጨ ሽንኩርት ውኃ ሆኖ ይፈላል እንጂ አይቁላላም፤ ምሬቱም አይለቅም።

3. ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ያለ ውኃ በደረቁ አቁላሉ። መጀመሪያ የራሱን ውኃ ይለቃል፣ ከዚያ ያንኑ ይመጥጣል። ለ6 ኪሎ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። የደረሰ ቁሌት ቡናማ ነው፤ ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ታች ይታያል። ትዕግሥት የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ የወጡ ጣዕም የሚወሰነውም እዚሁ ነው። እየደከማቸው የሚፈራረቁ ሁለት ሰዎች መድቡ። ከመቀጠላችሁ በፊት ከየድስቱ ሁለት ጭልፋ ቁሌት ለመጠባበቂያ አስቀሩ።

4. ከቅቤው ግማሹን (በየድስቱ 400 ግራም) ጨምራችሁ 10 ደቂቃ አቁላሉ። ከዚያ በርበሬውን (በየድስቱ 800 ግራም) አግቡና እሳቱን ቀንሱ። ሙቅ ውኃ በጭልፋ ጠብ እያደረጋችሁ 45 ደቂቃ አማስሉ። ውኃውን ባንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት በርበሬው ይቀቀልና ጥሬ ሽታው ይቀራል። ቅባቱ ወደ ላይ ሲወጣ በስሏል።

5. ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ጨምራችሁ 15 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ ዶሮውን፣ ጠንካራውን ብልት አስቀድማችሁ፣ ጨምሩ።

6. ሥጋው ሲበስል የቀረውን ቅቤ፣ ኮረሪማና መከለሻ አግቡ። ጨው የሚገባው አሁን ነው። መጀመሪያ ላይ የተጨመረ ጨው ወጡ ሲከስም ይበዛል።

7. አውርዳችሁ ወዲያው አትክደኑ፤ በትልቅ ድስት ትኩሱን ተከድኖ ያደረ ወጥ ይኮመጥጣል። በአራት ትናንሽ ድስቶች አካፍሉት፣ ክፍቱን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሸፍናችሁ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ከደኑትና የሚችለውን ያህል ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። እሑድ ጠዋት እስኪፈላ አሙቁ። የተቀቀለውንና በቢላዋ ጫጫር የተደረገውን እንቁላል በዚያን ጊዜ ጨምሩ።

*ሲበላሽ።*

- ከታች ከያዘ፦ አትፋቁት። የላይኛውን በቀስታ ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። የያዘውን ከነካችሁት ምሬቱ ሁሉን ይይዛል።
- ከቀጠነ፦ ሥጋውን አውጡና ስልሱን ብቻ አክስሙት። ሥጋው ውስጡ እያለ ካከሰማችሁት ይፈርሳል።
- ከፋጀ ወይም ጨው ከበዛ፦ ያስቀራችሁትን ቁሌት በትንሽ ቅቤ አሙቃችሁ ጨምሩ።
- በርበሬው ካረረ፦ መድኃኒት የለውም። ዶሮው ገና ካልገባ ያንን ድስት ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ኪሳራው የበርበሬና የሽንኩርት ብቻ ነው፤ ዶሮ ከገባ በኋላ ግን ሁሉም ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ ድፎው

ከ4 ኪሎ ዱቄት አንድ ትልቅ ከመጋገር ሁለት ባለ 2 ኪሎ ድፎ ይሻላል። የቤት ምጣድ ትልቁን መሐሉ ድረስ አያበስለውም፤ አንዱ ቢበላሽም ሌላው ይቆረሳል።

ለአንዱ፦ ዱቄት 2 ኪሎ፣ ለብ ያለ ውኃ 1.2 ሊትር ያህል፣ ደረቅ እርሾ 20 ግራም፣ ጨው 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ጥቁር አዝሙድ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል፣ ዘይት ግማሽ ሲኒ። ለ20 ደቂቃ እሹት። እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ብታቦኩት 1 ሰዓት ላይ ኩፍ ብሎ ይጠብቃችኋል። ምጣዱ ላይ የታጠበ ኮባ አንጥፉ፣ ሊጡን አስተኙ፣ በኮባ ሸፍኑ፣ በመካከለኛ እሳት ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተሩብ ጋግሩ፤ አጋማሹ ላይ ገልብጡት። ሆዱን ስትመቱት ባዶ ዕቃ የተመታ ያህል ከጮኸ ደርሷል።

ሊጡ ኩፍ ብሎ ካለፈና ከሟሸሸ፣ ትንሽ ዱቄት ጨምራችሁ እንደገና እሹትና 30 ደቂቃ አቆዩት። ላዩ ቀልቶ መሐሉ ጥሬ ከሆነ እሳቱን ቀንሳችሁ በኮባ እንደተሸፈነ 25 ደቂቃ መልሱት። ትኩሱን አትቁረሱ፤ ሊጥ መስሎ ይጣበቃል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይብረድ።

ደረጃ 7፦ እንጀራና አጃቢዎቹ

እንጀራውን ከሦስት ቀን በፊት እዘዙ፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተረከቡ። ሲመጣ ትኩስ ከሆነ በፌስታሉ ውስጥ አታቆዩት፤ ያልበዋል፣ እርስ በርሱም ይጣበቃል። ሰፌድ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ሲበርድ ደርቡትና በጨርቅ ሸፍኑ። ምስሩን፣ ክክ አልጫውንና ጎመኑን ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ሥሩ። አልጫውን አትዝለሉት፤ ልጆችና ጨጓራ ያለባቸው ሽማግሌዎች የሚበሉት እሱን ነው። ሰላጣው የሚከተፈው እንግዳ ሲገባ ነው።

ተጓዧ በዚህ ሁሉ ውስጥ የለችበትም። ጠዋት ጸጉሯን ትሠራ፣ ትልበስ፣ ከእንግዳ ጋር ትቀመጥ። «ቁጭ ብዬ እንዴት ላያችሁ» ብላ ከተነሣች ቡናውን እንድትቆላ ፍቀዱላት፤ ከዚያ በላይ አይሁን።

ደረጃ 8፦ የዕለቱ ሥርዓት

1. 6 ሰዓት ተኩል፦ ቄጠማው ይጎዝጎዝ፣ ወጡ በዝግታ ይሙቅ።

2. 7 ሰዓት፦ የቤቱ ታላቅ ዳቦውን ባርኮ ይቁረስ። ምርቃቱ አሁን አጭር ይሁን፤ ሰው ርቦታል።

3. 7 ሰዓት ተኩል፦ ሽማግሌዎች ባሉበት የእጅ ውኃ ይዙርላቸው፣ ምግቡም ይቅረብላቸው። ሌላው ሰው ተነሥቶ ያንሣ። ዶሮውን ራሱ እንዲጨልፍ ለእንግዳ አትተዉ። አንድ ሰው ቆሞ ለእያንዳንዱ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ያውጣ። ካልሆነ ከ30ኛው ሰው በኋላ ስልስ ብቻ ይቀራል።

4. 9 ሰዓት፦ ቡና። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሲኒ የምታወጣ ጀበና 50 ሰው አታዳርስም፤ ሁለት ጀበና በሁለት ከሰል ላይ ጎን ለጎን ይጣዱ።

5. 10 ሰዓት፦ ንግግርና ምርቃት። ሦስት ተናጋሪ ይበቃል፦ አንድ ከሽማግሌ፣ አንድ ከእኩዮቿ፣ አንድ ከወላጅ። ተናጋሪዎቹን አስቀድማችሁ ለምኗቸው፦ «እንዳትረሺን»፣ «ታናናሾችሽን ቶሎ ውሰጂ»፣ «ቤቱ ባንቺ ይቆማል» የሚሉት ንግግሮች ሰው ፊት አይነገሩ። ልጅቷ ገና የምታርፍበትን ቤት በቅጡ አታውቅም። ያንን ሸክም ይዛ አውሮፕላን ላይ እንድትወጣ አታድርጓት።

6. ስጦታ በፖስታ ይሁን። አንድ የታመነ ሰው ይቀበል፣ የሰጪውን ስም ደብተር ላይ ይጻፍ፤ በኋላ ለማመስገን ይጠቅማል።

እናት ታለቅሳለች። ይህ የሚከለከል ነገር አይደለም። አንዲት አክስት አጠገቧ ትቀመጥ፣ ትደግፋት። ልቅሶው ወደ ሁሉም ከተዛመተና ቤቱ ለቅሶ ቤት ከመሰለ ሽማግሌው ተነሥቶ ምርቃቱን ይጀምር፤ ሰው «አሜን» ለማለት ድምፁን ያስተካክላል። ከዚያ በረካው ይቀዳ።

12 ሰዓት ላይ ይብቃ። የእድሩን ዕቃ በዚያው ምሽት ቁጠሩ። ባዶ ጠርሙሶቹን ወደ ሳጥናቸው መልሱ፤ የጎደለው ከማስያዣው ይቆረጣል።

ደረጃ 9፦ ሻንጣና የአደራ ዕቃ (ከሰኞ ጀምሮ)

ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ክብደት አንብቡ። በብዙ በረራዎች 23 ኪሎ የሆኑ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ዕቃ ነው፤ የእሷ ቲኬት ግን ሌላ ሊል ይችላል። ሻንጣውን 22 ኪሎ ላይ አቁሙ፤ የቤት ሚዛን ትንሽ ይሳሳታል። የሻንጣ መመዘኛ ከሌለ በሰው ሚዛን አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ይቁም፣ ከዚያ የራሱን ክብደት ቀንሱ።

በርበሬና ሽሮ ከወፍጮ እንደመጣ አታሽጉ። ሙቀቱ ሳይወጣ የታሸገ ዱቄት ያልበዋል፣ ይሻግታል። አንድ ቀን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት። በአንድ ኪሎ በአንድ ኪሎ፣ በሁለት ድርብ ላስቲክ አሽጉና ላዩ ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፉ። በሁለቱ ሻንጣዎች አካፍሉት፤ አንዱ ቢዘገይ ሌላው ይደርሳል።

የማይገቡ፦

- ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ማንኛውም የሥጋና የወተት ውጤት። ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤና አይብ ይወረሳሉ።
- ወደ አሜሪካ ቋንጣ። የያዘችውን ሌላ ምግብ በሙሉ ሲጠይቋት «ምግብ ይዣለሁ» ትበል። መያዙ ሳይሆን መደበቁ ያስቀጣል።
- ጫት በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በአብዛኛው የዓረብ አገር ክልክል ነው። ወደ ሳዑዲና ኩዌት አልኮልም እንዲሁ።
- መድኃኒት ከራሷ በቀር የማንም አይያዝ። የራሷም በሐኪም ማዘዣና በፋብሪካ ማሸጊያው ይሁን። እዚህ እንደ ዋዛ የሚታይ የሕመም ማስታገሻ በባሕረ ሰላጤው አገሮች እስር ሊያመጣ ይችላል።

የአደራ ዕቃ የተቀበለው ወንድም ሰጪው ፊት ይክፈተው፣ ይየው፣ ይመዝነው። «ተሰፍቷል፣ አትክፈቱት» የተባለ ዕቃ ከማንም ይምጣ አይያዝ፤ በሻንጣዋ ለተገኘው ተጠያቂዋ እሷ ናት። እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም።

ደረጃ 10፦ የመሄጃው ቀን

ቤቱን ጸጥ አድርጉት። ምሳ ከቤተሰብ ጋር ብቻ፣ ቀላል ምግብ፤ በበረራ ላይ ሆዷ እንዳያስቸግራት የሚፋጅ ወጥ አይሁን። ፓስፖርት፣ ቲኬት፣ የምታርፍበት አድራሻና የተቀባይዋ ስልክ በወረቀት ላይ ተጽፎ በእጅ ቦርሳዋ ይሁን። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ኤርፖርት የሚሄደው አንድ መኪና ሰው ነው። መሰነባበቱ የሚያልቀው ከተርሚናሉ በር ውጭ ስለሆነ እንደ ሠርግ አጀብ መሄድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ከመጨናነቅ በቀር አይጠቅምም። ሴት አያቶች ቤት ይሰነባበቱ።

ከሸኚዎቹ አንዱ ባዶ ቦርሳ ይዞ እዚያው ይቆይ። ሻንጣ ሲከብድ ወይም ዕቃ ሲመለስ ተጓዧ የምትሰጠው ሰው ካጣች እዚያው ጥላው ትገባለች። ሻንጣዋን አስረክባ፣ ኢሚግሬሽን አልፋ፣ «አልፌያለሁ» ብላ እስክትደውል ድረስ መኪናው አይነሣ።